የታሰረ ግንብ

ይህን ጽሑፍ ለመጽሔታችን እንድናቀርብ ያነሣሣን፣ ከኩዌት ከተማ ወጣ ብሎ በሚገኘው በኸይጣን ሰፈር በምንኖርበት ቤት ውስጥ አንድ ዓርብ ከቀትር በኋላ የተነሣ ጠብ ነው። ጠቡ የገንዘብ አልነበረም፤ የሃይማኖትም የዘርም አልነበረም። በአንድ የቼዝ ግንብ ምክንያት የመጣ ነበር። ነገሩ ለብዙ አንባቢዎች ቀላል መስሎ ይታይ ይሆናል፤ ለኛም ያን ዕለት ቀላል መስሎን ነበር። ነገር ግን ከመካከላችን አንዱ ጫማውን አጥልቆ ከወጣ በኋላ ሦስት ሳምንት ሳይመለስ ስለቀረ፣ ጉዳዩን ቁጭ ብለን መመርመር ግድ ሆነብን። ከምርመራው ያገኘነውን እነሆ እናቀርባለን። ጥፋቱ የኛ መሆኑንም ከመጀመሪያው እንናገራለን።

በቤቱ የምንኖረው አራት ተማሪዎች ነን፤ ሁለታችን ከወሎ፣ አንዳችን ከአዲስ አበባ፣ አንዳችን ከጅማ። እንደሚታወቀው በኩዌት የዕረፍት ቀን ዓርብ ነው። ሙቀቱን ለማያውቁት አንባቢዎች ለመግለጽ ያህል፣ በ2016 እ.ኤ.አ. ሚትሪባ በተባለው የኩዌት በረሃ 53.9 ዲግሪ ተመዝግቧል። ከጁን እስከ ኦገስት ባሉት ወራት ከረፋዱ 5 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ሠራተኛን ፀሐይ ላይ ማሠራት በሕግ የተከለከለ ነው። ስለዚህ የዓርብ ቀትር የቤት ውስጥ ጊዜ ነው። የአገራችን ልጆች ከፈርዋኒያ እንጀራ ይዘው ይመጣሉ፤ ቡና ይፈላል፤ ጨዋታ ይዘረጋል። ዓርብ ገበያ ከተባለው የአሮጌ ዕቃ መሸጫ የገዛነው አንድ ቼዝ አለን፤ ከሱም አንድ ፈረስ ስለጠፋ በመድኃኒት ጠርሙስ ክዳን ተክተነዋል። ለዳማ ደግሞ እንደ አገራችን ሰፈር ልጆች ቆርኪ እንሰበስባለን።

ከሚመጡት እንግዶች ሁሉ የምናከብራቸው አንድ የቤት ሾፌር አሉ። ስማቸውን ሳንጠራ ጋሼ እንበላቸው። የመጡት በአንቀጽ 20 ነው፤ ይኸውም የቤት ሠራተኛ የመኖሪያ ፈቃድ ሲሆን ሰውየውን ከአሠሪው ከከፊሉ ጋር የሚያያይዝ ነው። እኛም ብንሆን ኢቃማችን ከትምህርታችን ጋር የተያያዘ ነው። ትምህርቱ ከቆመ ፈቃዱም ይቆማል። ይህን የምናነሣው ለቀጣዩ ነገር መነሻ ስለሆነ ነው።

የጅማው ጓደኛችን የዐረብኛ መሰናዶ ፈተናውን ሁለት ጊዜ ወድቋል። ሦስተኛውን ካላለፈ ወደ አገር መመለሱ ነው። ይህን ለሦስታችን ብቻ፣ አንድ ሌሊት መብራት ከጠፋ በኋላ በየፍራሻችን ተኝተን ሳለ ነግሮናል። ለማንም እንዳንናገር አላስማለንም፤ ማስማል አያስፈልግም ብሎ ነው።

በዚያ ዓርብ እሱና የአዲስ አበባው ልጅ ቼዝ ይጫወቱ ነበር። ከእንግዶቹ ሰባቱ ከበው ያያሉ፤ ጋሼም ከነሱ መካከል ነበሩ። የጅማው ልጅ ግንቡን በንጉሡ ፊት በሰያፍ መስመር ላይ አቁሞታል። የኛ ወገን ጳጳስ ደግሞ ከሩቅ በሰያፍ መጥቶ ግንቡን ከንጉሡ ጋር አስሮታል፤ ግንቡ ከቦታው ቢነቃነቅ ከኋላው ያለው ንጉሥ ለጳጳሱ ይጋለጣል። ግንቡ ታስሯል ብለን ስላመንን የኛን ንጉሥ ግንቡ ወደሚያይበት መስመር አስገባነው። «እዚያ ቤት መግባት አትችልም፤ ግንቤ ያየዋል» አለ። «ግንብህ ታስሯል፤ በምኑ ይበላል? ቢነሣ ንጉሥህ ይጋለጣል» አልነው። እሱም እየሳቀ «ቢታሰርም ያያል» አለ። እኛ ጮኽን፤ እሱ ድምፁን አላነሣም። እንግዶቹም ወደ እሱ ማዘንበል ጀመሩ።

ያኔ ከኛ አንዱ እንዲህ አለ፤ «የዐረብኛ መሰናዶ ሁለት ጊዜ የወደቀ ሰው ነው ለኛ ሕግ የሚያስተምረን? ኢቃማህ እንኳ በአንድ ፈተና ላይ ተንጠልጥሏል»። የተናገረው አንድ አፍ ነው፤ የሳቅነው ግን ሦስታችንም ነን። እሱ ምንም አልመለሰም። በክርክሩ መካከል ተገፍቶ የነበረውን ግንብ አንሥቶ በትክክለኛው ቤት ላይ አቆመው። ከዚያም ጫማውን አጥልቆ ወጣ። ጋሼም ቡናቸውን ሳይጨርሱ ተነሡ።

በዚያው ሌሊት የዓለም ቼዝ ፌዴሬሽንን ሕግ አውጥተን አነበብን። ሕጉ ግልጽ ነው። አንድ ክፍል ከቦታው ቢነቃነቅ የራሱን ንጉሥ የሚያጋልጥ ሆኖ ቢታሰርም፣ የሚያያቸውን ቤቶች እንደሚያጠቃ ይቆጠራል። ስለዚህ የባላጋራው ንጉሥ እዚያ ሊገባ አይችልም። ምክንያቱም አስቸጋሪ አይደለም። የታሰረው ግንብ የኛን ንጉሥ ቢበላ ጨዋታው እዚያው ያልቃል። ከዚያ በኋላ የሱ ንጉሥ ተጋለጠ አልተጋለጠ ምን ዋጋ አለው? መታሰር መንቀሳቀስን ይከለክላል እንጂ ሥልጣንን አይሽርም። የጅማው ልጅ ትክክል ነበር፤ ሦስታችንም ተሳስተናል።

ነገሩን ስንከታተል በቼዝ ሕግ ውስጥ በጥቃት ጊዜ የሚመጡ ልዩ ልዩ ሁኔታዎች እንዳሉና የእያንዳንዱም ዕድሜ የተለያየ መሆኑን ተረዳን። የአንድ ተራ ብቻ ዕድሜ ያለው አለ። ወታደር ከመነሻው ሁለት ቤት ዘሎ ከባላጋራው ወታደር ጎን ቢቆም፣ ባላጋራው እንደ አንድ ቤት ተራማጅ ቆጥሮ ሊበላው የሚችለው ወዲያውኑ በሚቀጥለው ተራ ብቻ ነው፤ ካለፈ አለፈ። ሁኔታው እስካለ ድረስ ብቻ የሚቆይም አለ። ንጉሥ ቼክ ላይ እያለ ከግንቡ ጋር ቦታ ተለዋውጦ ሊመሽግ አይችልም፤ ቼኩ ከተነሣለትና እሱም ካልተንቀሳቀሰ ግን መብቱ ይመለስለታል። ለዘለዓለም የሚቀርም አለ። ንጉሡ አንድ ጊዜ ከተንቀሳቀሰ፣ ወደ ቦታው ቢመለስ እንኳ፣ የመመሸግ መብቱ አልቋል። እኛ ለጓደኛችን የተናገርነው ቃል ከሦስቱ የትኛው ይሆን? ይህን ተጠያይቀን አንዳችንም ለመመለስ አልደፈርንም።

በዚህ መካከል ከመካከላችን አንዱ መከላከያ አቀረበ። «በሰው ፊት አፋጠጠን፤ ባንመልስ እንዋረድ ነበር፤ እንደ ዳማ ነው፤ መምታት ግዴታችን ነበር» አለ። ይህን ክርክር ያመጣው በከተማው መካከል ባለው በሙባረኪያ ገበያ ካየነው የተነሣ ነው። እዚያ የአገሩ ሽማግሌዎች ሻይ እየጠጡ ዳማ ይጫወታሉ። ዳማቸው ከኛ ይለያል። ጠጠሮቹ በሰያፍ አይሄዱም፤ ወደፊትና ወደጎን ነው የሚሄዱት። እያንዳንዱ ተጫዋች 16 ጠጠር በሁለት ረድፍ ይደረድራል። አንድ ሽማግሌ ጎናቸው አስቀምጠው እንዳስተማሩን ከሆነ፣ መብላት የተቻለ እንደሆነ መብላት ግዴታ ነው፤ ብዙ የሚያስበላ መንገድ ካለም እሱኑ መከተል ግዴታ ነው። የተበላው ጠጠር ወዲያው ስለሚነሣ ለሚቀጥለው ዝላይ መንገድ ይከፈታል። ብልኅ ተጫዋች ታዲያ አንድ ጠጠር ሆን ብሎ ይሰጥሃል፤ አንተም ሳትወድ ትበላለህ፤ ስትበላ ሰልፍህ ይፈርሳል። በዳማ ትልቁ ወጥመድ ያንተው መምታት ነው።

መከላከያው ለጊዜው አፍ አስያዘን። ከቆይታ በኋላ ግን ሁለት ነገር አየን። አንደኛ፣ የጅማው ልጅ ወጥመድ አላጠመደም፤ ሕጉን ብቻ ነው የተናገረው። ሁለተኛ፣ እኛ የነበርነው ዳማ ላይ አልነበረም። ቼዝ ላይ መብላት ፈቃድ እንጂ ግዴታ አይደለም፤ ቼክ ካልተባለ በቀር ሰው ተራውን በፈለገው ላይ ያውላል። ማንም ያላስገደደንን ጥቃት ግዴታ ነበር ብለን ለራሳችን ማስረዳታችን ሁለተኛ ጥፋት ነበር።

በሁለተኛው ሳምንት የጅማው ልጅ ጃህራ በሚኖር የአጎቱ ልጅ ዘንድ መሆኑን ሰማን። ጃህራ ከኩዌት ከተማ ወደ ምዕራብ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ቀይ ቤተ መንግሥት የሚሉት የጭቃ ምሽግ የሚገኘው እዚያ ነው። በ1920 እ.ኤ.አ. ሼኽ ሳሊም አል ሙባረክ ከተከታዮቻቸው ጋር በዚያ ምሽግ ውስጥ በኢኽዋን ጦር ተከብበው፣ መውጫ ሳይኖራቸው እየተዋጉ፣ ረዳት ጦር እስኪደርስ ድረስ ጸንተዋል። በአውቶቡስ ስንሄድ ይህን እያነሣን «ይኸው የታሰረ ግንብ» እየተባባልን ነበር። ለጓደኛችን ይህን ነግረን፣ የሕጉንም ወረቀት አሳይተን፣ ይቅርታ ጠይቀን ይዘነው የምንመለስ መስሎን ነበር።

በር ከፈተልን፤ ሻይም አቀረበልን። የሕጉን ወረቀት ሰጠነው። አነበበውና አጥፎ መለሰልን።

«ትክክል መሆኔን ስላወቃችሁ ነው የመጣችሁት?» ሲል ጠየቀን።

«አዎን፣ አንተ ነበርህ ትክክል» አልነው።

«ተሳስቼ ብሆንስ ኖሮ?»

ለዚህ መልስ አልነበረንም። ከመካከላችን አንዱ «ያኔም ቢሆን...» ብሎ ጀመረና ተወው። የአጎቱ ልጅ ወሬ ለመለወጥ ስለ ሙቀቱ አነሣ። ሻያችንን ጠጥተን ወጣን። ወደ ኸይጣን እስክንደርስ ድረስ ብዙም አልተነጋገርንም።

አሁን ወደ ራሳችን ጨዋታ እንመለስ። ብዙዎቻችን ሰንጠረዥ የምንለው በመማሪያ መጽሐፍ ውስጥ ቁጥር የሚደረደርበትን ነው። አባቶቻችን ግን ሰንጠረዥ ሲሉ ከፋርስና ከዐረብ ሻጥራንጅ ጋር የሚዛመደውን የኢትዮጵያን ቼዝ ማለታቸው ነበር። የትግራዩ ገዥ ራስ ወልደ ሥላሴ ይጫወቱት እንደነበር እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት በ1814 እ.ኤ.አ. በታተመው መጽሐፉ ጽፏል። ሪቻርድ ፓንክረስትም በ1971 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ በሚታተመው የኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ላይ ስለ ታሪኩና ስለ ደንቡ ሰፊ ጽሑፍ አውጥተዋል። የዚህን ጽሑፍ ቅጂ ከወሎዎቹ አንዱ ከአገር ይዞት መጥቶ ሻንጣው ውስጥ ሳይነበብ ኖሯል። ከጃህራ በተመለስን ሌሊት ያነበብነው እሱን ነው።

በሰንጠረዥ ገበታው የሁለት ቀለም ቤቶች የሉትም፤ ብዙ ጊዜ በቀይ ጨርቅ ላይ በመስመር የተከፈለ ነው። ከንጉሥ በቀር ያሉት ክፍሎች ደር፣ ፈረስ፣ ፊል፣ ፈርዝና መደቅ ይባላሉ። ደር የዛሬው ግንብ ነው። ፊል በሰያፍ ወደ ሁለተኛው ቤት ይዘላል፤ ፈርዝ በሰያፍ አንድ ቤት ይሄዳል፤ መደቅ ወታደሩ ነው። የዚህ ጨዋታ ልዩ ጠባይ በመጀመሪያው ላይ ነው። ይኸውም ወረራ የሚባለው ነው። በወረራ ጊዜ ተራ የለም። ሁለቱም ተጫዋቾች የፈለጉትን ያህል፣ በፈለጉት ፍጥነት፣ አንዱ ሌላውን ሳይጠብቅ ክፍሎቻቸውን ያንቀሳቅሳሉ፤ አንዱ የሌላውን አሰላለፍ እያየ የራሱን ይለውጣል። ይህ ነፃነት የሚቆየው የመጀመሪያው ክፍል እስኪበላ ድረስ ነው። አንዱ አንዱን በበላበት ቅጽበት ወረራ ያበቃል፤ ከዚያ በኋላ ለሁሉም ተራ ይወጣል። የተመታው አንድ መደቅ ቢሆንም ሁኔታው የሚለወጠው ለገበታው ሁሉ ነው፤ ወደ ወረራም መመለስ የለም።

ይህን ስናነብ ያቺ ቤታችን በመጀመሪያው ዓመት እንዴት እንደነበረች አስታወስን። ማንም ተራ አይጠብቅም ነበር። የፈለገው ያበስላል፣ የፈለገው ይናገራል፣ ሌሊት በጨለማ ምስጢር ይነገራል። ከዚያች ዓርብ ወዲህ ግን ሦስታችን ብቻችንን ስንሆን እንኳ ቃል እየመረጥን፣ አንዱ ሲጨርስ አንዱ እየጀመረ ነበር የምንነጋገረው። የመታነው እሱን ነው፤ ተራ የወጣው ግን ለሁላችንም ነው።

ሌላም ሕግ አገኘን፤ ያስጨነቀን ይህኛው ነው። በዐረቦቹ ሻጥራንጅ የባላጋራህን ክፍሎች በሙሉ በልተህ ንጉሡን ብቻውን ካስቀረኸው አሸንፈሃል። በኛ ሰንጠረዥ ግን እንዲህ አይደለም። ንጉሡ ራቁቱን ከቀረ ማት ሊባል አይችልም፤ ጨዋታው ያለ አሸናፊ ይቀራል። ስለዚህ ማሸነፍ የሚፈልግ ሰው ለባላጋራው ክፍል እየተወለት፣ በክብሩ ሳለ ሊይዘው ይገባል። በምን እንዳሸነፍክም ይታያል። በኃይለኛው በደር ማት ማለት ብዙ አያስመሰግንም፤ በአነስተኞቹ ክፍሎች ማት ማለት ግን ያስመሰግናል።

እንግዲህ የጓደኛችን ጥያቄ መልሱ እዚህ ነበር። የቼዙ ሕግ የሚያስረዳው እሱ ትክክል መሆኑን ነው። እኛም ወደ ጃህራ የሄድነው ይህንኑ ይዘን ነው፤ ለዚህም ነው ጉዟችን ከንቱ የሆነው። የሰንጠረዡ ሕግ ግን ስለ ትክክልና ስሕተት አይጠይቅም። ባላጋራህ ተሳስቶ፣ ጨዋታው ጠፍቶበት፣ ሊሸነፍ አንድ እርምጃ ቀርቶት እንኳ ቢሆን፣ ራቁቱን ካስቀረኸው ያንተ ድል ድል አይደለም። ተሳስቶ ቢሆን ኖሮም የመሰናዶውን ነገር በሰው ፊት ማንሣታችን ያው ጥፋት ይሆን ነበር። እንዲያውም ይብስ ነበር፤ ምክንያቱም ያኔ ይቅርታ ለመጠየቅ ባልሄድንም።

በሦስተኛው ሳምንት ጋሼን አግኝተን ይህንኑ ነገርናቸው። ረጅም ጊዜ ዝም ብለው ቆዩ። ከዚያም «እኔን ያን ዕለት ያስነሣኝ ምን ይመስላችኋል? ኢቃማው ተንጠለጠለ ስትሉ እኔም እዚያው ተቀምጬ ነበር። የኔስ በማን እጅ ነው?» አሉን። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ቃላችን ስንቱን እንደመታ አልቆጠርንም ነበር። ከከበቡን ሰባት እንግዶች ስድስቱ ፈቃዳቸው በከፊል እጅ ያለ ሰዎች ናቸው። ደመወዛቸውን ግማሽ አድርገው ለእናትና ለታናናሾቻቸው የሚልኩ፣ የታሰሩ ሆነው ሳለ ቤት የሚያቆሙ ናቸው።

ወደ ጃህራ ለሁለተኛ ጊዜ ስንሄድ ጋሼም አብረውን መጡ። ወረቀት አልያዝንም። «ተሳስተህ ብትሆንም ያው እናጠፋ ነበር» አልነው። ተጨማሪ ነገር አልተናገርንም፤ ጋሼም አልሸመገሉም፤ ዝም ብለው ተቀመጡ። ልጁ ጥቂት ቆይቶ ዕቃውን አነሣ። መንገድ ላይ ስለ ጠቡ ምንም አላነሣም፤ እኛም አላነሣንም።

ሁሉ ነገር እንደ ነበረ ሆኗል ብለን አንባቢን አናታልልም። አሁን ከኛ ጋር ይኖራል። ማታ ማታ ሁለት ሰዓት ያህል ዐረብኛ አብረን እናጠናለን፤ ሦስተኛው ፈተና በመጪው ወር ነው፤ ውጤቱንም ማንም አያውቅም። ዓርብ ዓርብ ዳማ ይጫወታል፤ ቼዙን ግን እስካሁን አልነካውም። ሌሊት መብራት ከጠፋ በኋላም ብዙ አይናገርም።

በበኩላችን ቀይ ጨርቅ ገዝተን፣ በጥቁር ክር መስመር ሰፍተን፣ ሰንጠረዥ ጀምረናል። ወረራውን እጅግ ወደነዋል፤ የክፍሎቹ ኳኳታ ጎረቤት እስኪያማርር ድረስ ነው። ሆኖም ያልገቡን ደንቦች አሉ። ከ1928 ዓ.ም. የጣሊያን ወረራ በኋላ ጨዋታው እየተረሳ ስለሄደ፣ በሕይወት ካሉ ሽማግሌዎች ያልተጠየቀው ሁሉ ይጠፋል። ስለዚህ ይህን የምታነቡ በየአገሩ የምትገኙ ተማሪዎች፣ አያታችሁ ወይም የሰፈራችሁ ሽማግሌ ስለ ሰንጠረዥ የሚያስታውሱት ነገር ካለ፣ ጠይቃችሁ ለመጽሔቱ እንድትልኩ አደራ እንላለን። በተለይ ባላጋራው ከንጉሡ በቀር አንድ ክፍል ብቻ ሲቀረው በየአገሩ እንዴት ይቆጠር እንደነበር ማወቅ እንፈልጋለን።

ያ የተቋረጠው የቼዝ ጨዋታም አልተበተነም። አሰላለፉን እንዳለ በወረቀት ጽፈን ግድግዳ ላይ ለጥፈነዋል። ጓደኛችን በፈለገ ጊዜ ከዚያው ይቀጥላል። ግንቡ እሱ ባቆመበት ቤት ላይ ነው። ተራው የኛ ነው፤ ንጉሣችንንም ከዚያ መስመር መልሰነዋል።